የስለቱ ወይንና ሰርዶው

ካዛንቺስ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ለእኔም ልጅ፣ ለወልደአማኑኤል፤ ካለህበት ከደቡብ አፍሪካ ወይን እርሻ።

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ፣ ሥራህስ? እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ምንም አልሆንኩም። ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ብሏል፣ ጆሮዬ ደግሞ የሚሰማው ደስ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በስልክ አትጩህብኝ፣ ጻፍልኝ። የጎረቤታችን የሱሌማን ሱቅ የፖስታ ሳጥን አለልን። ደብዳቤ ሲመጣ ሚስቱ ረውዳ ሥራዋን ጥላ እየሮጠች ታደርስልኛለች፣ እግዜር ይስጣት።

የጻፍኩልህ ስለ ወይኑ ነው። ጣልያን ከሠራው ቤታችን ግድግዳ ተነስቶ ግቢውን እስከ ወጥ ቤቱ የሚያለብሰው፣ አንተም ከሥሩ ዳዴ ያልክበት ወይን ታሞብኛል። አረም ሥሩን ያዘው። አረሙ ማን መሰለህ? ሰርዶ! በግ የሚግጠው፣ ሰው ረግጦት የሚያልፈው ሰርዶ። ካቻምና ለፋሲካ የጎዘጎዝኩትን ሣር ጠርጌ፣ ፍግ ይሆነዋል ብዬ ከግንዱ ሥር ደፋሁት። ያን ጊዜ ንጹሕ መሬት ነበር። ዓመት ሳይሞላው ይሄ ሰርዶ እንደ ምንጣፍ ከበበው። ከየት እንደመጣ እንጃ። ከአጥሩ ወዲያ ሆቴል የሚሠሩት ሰዎች አፈር ሲደፉ ይሆናል።

ባለፈው ወር ዝናቡ መሬቱን ሲያለሰልስልኝ አንድ የቀን ሠራተኛ ጠርቼ በዶማ አስቆፈርኩት። ሰውየው እጁ አይቦዝንም፣ እንደ ጎመን ከትፎ ከትፎ ጣለልኝ። እሰይ ተገላገልኩ ብዬ መርቄ ሸኘሁት። ወይ ጉዴ! ምርቃቴ ከአፌ ሳይደርቅ ድሮ አንድ የነበረው አሥር ሆኖ ወጣ። የወይኑ ቅጠል ግን ቢጫ ሆኗል፣ ሐረጉም ድሮ እንደሚረዝመው አይረዝምም።

አንተ ደግሞ እንጀራህ የወይን አረም ማጥፋት ነው። የሰው ወይን እያዳንክ የእኔ ሲሞት ልታይ ነው? ቀልዴን አይደለም። ስለቱን ታውቃለህ። ግማሹን በእግርህ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ስንቱን አገር አቋርጠህ ስትሄድ፣ ድምፅህ ጠፍቶ እኔ በቁሜ ስሞት፣ ዑራኤል ደጅ ተንበርክኬ ‹‹ልጄን በሰላም አግባልኝ፤ ተመልሶ ከወይኑ ዳስ ሥር እስኪቀመጥ ድረስ ከገዛ ወይኔ ለቁርባን የሚሆን ዘቢብ በየዓመቱ አመጣልሃለሁ›› አልኩ። እሱ የበኩሉን አደረገ፣ በሰላም ገባህ። የእኔ ቃል ደግሞ ያለው በዚህ ግንድ ላይ ነው። ግንዱ ከደረቀ ቃሌ ደረቀ። ከዚያ በኋላ አንተን በምን እጠብቅሃለሁ?

መድኃኒቱን ንገረኝ። መቼ እንደምትመጣም ንገረኝ።

አክስትህ ሸዋአየሁ


ደቡብ አፍሪካ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለእቴቴ ሸዋአየሁ፤

ጉልበትዎን ዑራኤል ይማርልዎ። ጆሮዎስ ድሮም እንደዚያው ነበር፣ እሱን ተዉት። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሁን ብርድ ነው፤ ማለቴ የእናንተ ክረምት ዝናብ ነው፣ የኛ ግን አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ወይኑ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ቆሟል። ማቆጥቆጥ ሲጀምር የኔም ሥራ ይጀምራል፤ መርጫውን አዝዬ ከረድፍ ረድፍ ስል እውላለሁ።

እቴቴ፣ ይቆጡኝ እንጂ እውነቱን ልንገርዎ። ሰርዶን በዝናብ በዶማ መክተፍ ሰርዶን መዝራት ነው። በየአንጓው ሥር ይሰዳል። የተቆረጠችው ጣት የምታህል ቁራጭ እንኳ እርጥብ መሬት ከነካች አለቀ፣ አገሯ አደረገችው ማለት ነው። ያ ጎበዝ ሠራተኛዎ አረም አልነቀለም፣ ችግኝ ነው የተከለልዎ።

አሁን እጅዎን ሰብስበው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ። ጥቅምት ላይ መሬቱ ሲደርቅ በዶማ ሳይሆን ሹካ በሚመስለው መቆፈሪያ ከሥሩ ያስነቅሉት። ሳይበጠስ በረጅሙ ይሳብ፣ አፈሩ ይራገፍ። ከዚያ ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ እንደ ቆሎ እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ። ግንዱ አጠገብ ሲደርሱ በእጅ ብቻ። ሲያልቅ ጥቁር ላስቲክ አልብሰው ዳር ዳሩን ድንጋይ ይጫኑበት፣ እስከሚቀጥለው ክረምትም አይግለጡት። ብርሃን ሲያጣ ይደክማል። ይሞታል አላልኩም፣ ይደክማል። እዚህ ያ ሁሉ መኪናና መርዝ እያለ እንኳ ሰርዶን አባረርኩ የሚል እንጂ ገደልኩ የሚል ሰው አላየሁም። የበዓል ጉዝጓዝ ሲጠርጉም ከእንግዲህ ከግቢ ውጭ ይጣል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ልጅ ሆኜ ሌሊት ሲያስለኝ ደረቴን የሚቀቡኝ ምን ነበር? ዝም ብሎ ትዝ ብሎኝ ነው።

ረውዳንና ሱሌማንን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ ወልደአማኑኤል


ካዛንቺስ፣ ጥር 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደአማኑኤል፤ ከእግር እስከ ራስህ ሰላም ይክበብህ።

ደብዳቤህ እጄ የገባው ኅዳር ሲያልቅ ነው። ሱሌማን ሳጥኑን የሚከፍተው የሱቅ ዕቃ ወረቀት ሲጠብቅ ብቻ ሆኗል። አልፈርድበትም፣ ሳጥኑ የራሱ ነው።

ደረትህን የምቀባህ ለጋ ቅቤ ነበር፣ በጤና አዳም አሙቄ። ደረትህንም ጀርባህንም፣ ከዚያ በጋቢ ጥቅልል። ምነው፣ አሰለህ እንዴ? ያ የምትረጨው መርዝ ሳንባህ ገብቶ እንዳይሆን! አፍንጫህን ትሸፍናለህ? ደግሞ ‹‹ዝም ብሎ ትዝ ብሎኝ›› ትለኛለህ። አንተ ዝም ብሎ ትዝ የሚለው ሰው ሆነህ አታውቅም።

እንዳልከኝ አስነቀልኩት። በረጅሙ እየሳብን፣ እያራገፍን፣ የጣሪያው ቆርቆሮ እስኪሸፈን አሰጣነው። ሜክሲኮ ድረስ ወርጄ ጥቁር ላስቲክ ገዛሁ፣ በታክሲ ታቅፌው ስመጣ ረዳቱ ‹‹ማዘር፣ ድንኳን ነው?›› እያለ ሳቀብኝ። አልብሼው ድንጋይ ጭኜበት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ላስቲኩ የለም! ድንጋዩን በሥርዓት ወደ ጎን ደርድረው ወስደውታል። ኋላ ስፈልግ ስፈልግ፣ ስመኝ የምትባለው፣ መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት የምትቸረችረዋ፣ ጉሊቷ ላይ ለፀሐይ ጋርዳበት አገኘኋት። ‹‹እማማ፣ ሜዳ ላይ ወድቆ ነው ያገኘሁት›› አለችኝ። ድንቄም ሜዳ! የእኔ ግቢ ሜዳ ሆነ። ልቀማት አስቤ፣ የምታዝለው ሕፃን ከጥላው ሥር ተኝቶ አየሁና ተውኩት። ሰርዶው ግን አልተወኝም፣ ከግድግዳው ሥር አድፍጦ የቀረው ተመልሶ መጣ።

የዘንድሮው ፍሬ ምስር ያክላል። ደርቆ አንድ እፍኝ ዘቢብ ወጣው። የዑራኤሉ አባ ተስፋማርያም እንደ ትልቅ ነገር በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። እኔ ግን አፈርኩ።

አሁን አንድ ነገር መጥቷል። ከቱሉ ቦሎ ጤፍ የሚያመጣልን ጉርሜሳ ግቢውን አይቶ ‹‹እማማ ሸዋ፣ ለዚህ ነው የሚጨነቁት? እኛ ስንዴ ላይ የምንረጨው መድኃኒት አለ፣ ቱ-ፎር-ዲ ይሉታል። አረሙን ድራሹን አጥፍቶ ስንዴውን ዝንቡን እሽ አይለውም›› አለኝ። ስንዴን ያህል ለስላሳ ነገር ካልነካ ይሄን የሚያህል ግንድ ምን ያደርገዋል? እኔን አሳምኖኛል። ከፋሲካ በኋላ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ባለሙያው ግን አንተ ነህ። እሺ በለኝ ወይ እምቢ በለኝ፣ እጠብቅሃለሁ።

ስለ መምጣትህ ጠይቄህ አልመለስክልኝም። ረስተኸው ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

አክስትህ ሸዋአየሁ


ደቡብ አፍሪካ፣ የካቲት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.

እቴቴ፣ ሰላምታውን ያቆዩልኝ። እምቢ ነው መልሴ። እምቢ! ይህን ደብዳቤ እንዳገኙ ጉርሜሳን ያስቁሙት፣ በሰውም ቢሆን ይላኩበት።

ጉርሜሳ ለእርሻው እውነቱን ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ያ መድኃኒት የተሠራው ቅጠለ ሰፊውን መርጦ እንዲገድል ነው። ስንዴና ጤፍ፣ ገብስም ጭምር፣ ሁሉም ሣር ናቸው፣ ስለዚህ ይምራቸዋል። ሰርዶስ ምንድን ነው? ሣር! የስንዴ የሩቅ ዘመድ ነው። ወይኑ ግን ቅጠለ ሰፊ ነው። እንዲያውም እንደ ወይን ይህን ነገር የሚፈራ ተክል የለም። እዚህ ከኛ ማዶ ስንዴ የሚያርስ ሰውዬ አለ፤ እሱ ሲረጭ ነፋሱ ወደኛ ከሆነ አሠሪያችን እጁን እያወናጨፈ ይሮጣል። ሽታው ብቻ ቅጠሉን ያጣምመዋል። በቃ፣ እርስዎ ግቢ ቢረጭ አረሙን ምሮ ባለቤቱን ነው የሚገድለው።

ሣርን ብቻ መርጦ የሚገድል ሌላ ዓይነት አለ። አዲስ አበባ ይኑር አይኑር አላውቅም። የሚያመጣልኝ ሰው እየፈለግሁ ነው። እስከዚያ ምንም አይርጩ። ይብቀል ተዉት። ከሰርዶ ጋር ወይኑ ዓመታት ይኖራል፣ ከዚያ መድኃኒት ጋር ግን ወር አይኖርም።

የሱሌማንን ሱቅ ስልክ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ነገም እደውላለሁ።

ስለ ጤና አዳሙ አመሰግናለሁ። እዚህም እሱ የሚሸጥበት ጓሮ አግኝቻለሁ። እኔ አላሰለኝም፣ አይጨነቁ።

ወልደአማኑኤል


ካዛንቺስ፣ ግንቦት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደአማኑኤል፤ ቸር ወሬ ያሰማህ። ከእኔ ግን አትጠብቅ።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። መቼ መሰለህ? ትናንት! ሱሌማን ዕቃ ሊያመጣ ዱባይ ሲሄድ የሳጥኑ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። እዚያው ሥራው ተጓተተና ከረመ። ረውዳም ሱቁን ቆልፋ እናቷን ልታስታምም ወራቤ ሄደች፣ እንግዲህ ስልኩን ማን ያንሳልህ? ያ ደብዳቤ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ ‹‹እምቢ! እምቢ!›› ሲል ከረመ። ሱሌማን ከዱባይ በመጣ ማግስት ራሱ ይዞልኝ መጣ፣ ፊቱ እየፈካ፣ ‹‹እቴቴ፣ የምሥራች፣ ልጅዎ ጽፏል›› እያለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነብኝ፣ አትቀየመኝ።

ጉርሜሳ የመጣው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። ልጄ መልስ አልሰጠኝም፣ እንቆይ አልኩት። ‹‹ዝም ካለ እሺ ማለቱ ነው›› አለኝ። ስለ አንተ ዝምታ እሱ ምን ያውቃል? ቢሆንም ሰማሁት። ወይኑ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ነበር፣ የበልጉ ዝናብም ሰርዶውን እያፋፋው ነበር፣ ቸኮልኩ። መርጫውን አዘለና እኔ ወንበር አውጥቼ ቁጭ ብዬ እያየሁ ዞሮ ዞሮ ረጨው። ሰርዶ ደንዳና ነው ብሎ ለስንዴ ከሚያደርገው ጨመር አድርጎበታል። እኔም አንድ ጥግ እንዳያመልጠው ብዬ ‹‹እዚህ ጋ ቀረህ፣ እዚያ ጋ ቀረህ›› እያልኩ አሳየሁት። እጄ ይሰበር!

ቅጠሉ መጀመሪያ እንደ ማራገቢያ ተጣጠፈ። ከዚያ ለጋው ሁሉ ጫፉ ሾሎ ተጠማዘዘ። የእኔን ጣቶች ታውቃቸው የለ፣ ቁርጥማት ያጎበጣቸውን? እንደዚያ። ኋላም መርገፍ ጀመረ። ዳሱ ሥር ድሮ በቀትር ፊት አይታይም ነበር፣ አሁን ሰማይ ወለል ብሎ ይታያል። ሰርዶውስ? ጠጥቶ ወፈረ! ሆቴሉን የሚጠብቀው ዘበኛ በግ ገዝቶ ‹‹እዚህ ላሰማራው?›› ብሎ ጠየቀኝ። ‹‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ›› ሲባል ድሮ እስቅ ነበር። አሁን አህያዋ ገባችኝ።

ጉርሜሳ ደግሞ ምንም ሳያውቅ ጤፉን ይዞ መጣ። በሩ ላይ ሲያየው ኩንታሉ ከትከሻው ወረደ። ‹‹እኔ እኮ የማውቀው ስንዴ ነው፣ እማማ›› አለና ራሱን ይዞ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ምን ልበለው? ክፉ ሰው ቢሆን ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። አሁን የምረግመው ሰው እንኳ አጣሁ። ሱሌማንን እንዳልረግም ሳጥኑን በነጻ ሰጥቶኛል። አንተን እንዳልረግም ልጄ ነህ።

ደብዳቤህን እዚያው ሥሩ ቆሜ አነበብኩት፣ ቅጠሉ እላዬ ላይ እየረገፈ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሃለሁ። አሁን ምን ላድርግ? ቢዘገይም ንገረኝ፣ የምሰማው ነገር ይኑረኝ።

ደግሞ ‹‹እኔ አላሰለኝም›› ብለሃል። ታዲያ ማን አሰለው?

አክስትህ ሸዋአየሁ


ደቡብ አፍሪካ፣ ሰኔ 11 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለእቴቴ ሸዋአየሁ፤ ጽናቱን ይስጥዎ።

የኔን ደብዳቤና የእርስዎን ጎን ለጎን አድርጌ ቀኑን እያየሁ ተቀመጥኩ። ደጋግሜ አየሁት። ምንም አይለወጥም።

እንዲህ ያድርጉ። ግንዱን አይቁረጡት፣ ማዳበሪያም አይስጡት። ዝናቡ በደንብ ካልጣለ ውሃ ያጠጡት። ሥሩ ከተረፈ ከታች ያቆጠቁጣል። ካልተረፈ አያቆጠቁጥም። እቴቴ፣ ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። ባውቅ ኖሮ እንዲህ ባጭሩ አልጽፍልዎትም ነበር። እዚህ ዓይን የማይጨርሰው ወይን ነው ከአረም የማጸዳው፣ አሠሪዬም ‹‹ያንተ ረድፍ ንጹሕ ነው›› ይለኛል። የእርስዎን አንድ ግንድ ማዳን አቃተኝ። በየቀኑ መርጫውን ስሸከም የማስበው ይህንኑ ነው፣ ያናድደኛልም።

ሣሩን ብቻ የሚገድለውን መድኃኒት የሚያመጣልኝ ሰው አግኝቼ ነበር። ተመልሼ አያስፈልግም አልኩት። ለምን ይላክ? ማንን ሊያድን?

ዘቢቡን ከመርካቶ ይግዙ። ስለት ነው እንጂ ከየት ተገዛ የሚል ደረሰኝ ዑራኤል አይጠይቅም።

ስለ መምጣቴ፤ አልረሳሁትም። ጥያቄዎን በየደብዳቤው አንብቤ እያለፍኩት ነው። አልመጣም እቴቴ። ማለቴ አሁን አልችልም፣ መቼ እንደምችልም አላውቅም። እጄ ላይ ያለው የስደተኛ ወረቀት ከዚህ ያስወጣኛል እንጂ አይመልሰኝም። ከወጣሁ ደግሞ ትቼው የምሄደው ነገር አለ። በደብዳቤ የሚሆን አይደለም።

እስቲ ይህን ይንገሩኝ፤ አፌን የፈታሁት መቼ ነበር? ቶሎ ነው ወይስ ዘግይቼ?

ልጅዎ ወልደአማኑኤል


ካዛንቺስ፣ ሐምሌ 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለወልደአማኑኤል፤ ባለህበት ሁሉ ያለኸውን ሁሉ ይጠብቅልህ።

ይሄኛው ደብዳቤህ ፈጥኖ ደረሰ። ሱሌማን ደንግጦ ነው መሰለኝ አሁን ሳጥኑን በየቀኑ ነው የሚከፍተው። ምንም የሚያስቸኩል ነገር በሌለበት ጊዜ!

ግንዱን አልቆረጥኩትም። ለሳምንታት ጠበቅሁት። ከታች ያቆጠቁጣል ያልከኝን ይዤ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብዬ አያለሁ፤ በዚህ ጉልበቴ። አንድ ቀን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብሎ አይቼ እልል ልል ነበር። ሰርዶ ነው፣ ግንዱን ተንጠላጥሎ ሲወጣ። ኋላ በጥፍሬ ልጡን ፋቅሁት። ደረቅ ነው፣ ውስጡ ምንም እርጥበት የለም። ሞቷል፣ ልጄ።

መርካቶም ሄድኩ፣ ምክርህን አልናቅሁም። ዘቢቡ ከየት አገር እንደመጣ ሻጩ ራሱ አያውቅም። በእጄ ይዤ ቆየሁና መለስኩለት። ‹‹ከገዛ ወይኔ›› ነበር ያልኩት፣ ከመርካቶ አላልኩም። አባ ተስፋማርያም ዘንድ ሄጄ ቃሌ ፈረሰ፣ ምን ይሻለኛል አልኳቸው። ‹‹እግዚአብሔር የሌለሽን አይጠይቅሽም፤ ካለሽ ላይ ስጪ›› አሉኝ። ወጥቼ መንገዱን ሙሉ አሰብኩት። ያለኝ ምንድን ነው? ቤቱ የቀበሌ ነው። ወይኑ ሞቷል። ያለኝ ሰርዶ ነው።

ለዑራኤል ንግሥ ዋዜማ ጉርሜሳ ማጭድ ይዞ መጣ። አልጠራሁትም፣ ከዚያ ወዲህ ሰበብ እየፈለገ ይመጣል። እሱ አጨደ፣ እኔ ከጉዝጓዙ ላይ ቆሻሻ ለቀምኩ። በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቆ፣ ዝናቡ እየዘነበበት፣ ተሸክሞልኝ ዑራኤል ሄድን። ዲያቆኑ ፈትቶ አየና ‹‹እማማ፣ ይሄ እኮ ቄጤማ አይደለም፣ ሰርዶ ነው›› አለኝ። ለእኔ ሰርዶ ሊያስተምረኝ! ‹‹አውቃለሁ፣ የስለት ነው›› አልኩት። ልጁ ደግ ነው፣ ሳይከራከር ሴቶቹ በሚቆሙበት በኩል ጎዘጎዘው። ሰው እየረገጠው ሲገባ ቆሜ አየሁ። የተቀበለኝ አልመሰለኝም፣ አልዋሽህም። ሌላ የምሰጠው ስላልነበረኝ ነው።

አፍህን የፈታኸው ዘግይተህ ነው፣ በጣም ዘግይተህ። ጎረቤቱ ሁሉ ዲዳ ነው እያለ ሲያማህ እኔ ማታ ማታ አለቅስ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ገንፎ ሳጎርስህ አፍህን ገጥመህ ‹‹እምቢ!›› አልክ። የመጀመሪያ ቃልህ እሷ ናት። ስለዚህ አትስጋ። እሱም ይናገራል። ወይም እሷ። ቅቤውን ስትቀባም እጅህን አስቀድመህ አሙቅ፣ በቀዝቃዛ እጅ ሕፃን አይነካም።

መቼ ትመጣለህ ብዬ አልጠይቅህም። ልቆጣህ ነበር። ሰርዶ ተቆፍሮ፣ ተከትፎ፣ ጣሪያ ላይ ደርቆ፣ መርዝም ጠጥቶ ይመለሳል፣ አንተን ምን ነካህ ልልህ ነበር። የነካው መሬት ሁሉ አገሩ ነው ያልከኝ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ዲያቆኑ ስለቱን ሲቀበል ‹‹በማን ስም ይሁን?›› አለኝ። ወልደአማኑኤል አልኩ። ‹‹ሌላስ?›› አለ። ሌላም አለ፣ ግን ስሙን ገና አልነገሩኝም አልኩት። እሱም ወደሚቀጥለው ሰው ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ግቢ ወጣሁ። ያጨድንበት ቦታ ሁሉ እንደገና አረንጓዴ ለብሷል። ለከርሞ ሐምሌ የማጭደው አለኝ፣ ስሙን ብቻ ላክልኝ።

አክስትህ ሸዋአየሁ